መጽሐፍ በሉህ ልክ፦ ስለ ወረቀት መጠን፣ ስለ ብክነትና ስለ ኅትመት ንድፍ

ስለ ይዘትና ቅርጽ ተዛምዶ በሂስ ዓምዶች ላይ ብዙ ቀለም ፈሷል። የግጥም ቅርጽ ሲባል ምጣኔው፣ ቤት አመታቱና የስንኝ አወራረዱ፣ የተውኔት ቅርጽ ሲባል የገቢርና የትዕይንት አከፋፈሉ እንዲሁም የምልልሱ ፍጥነት ተደጋግሞ ተመርምሯል። ይሁንና አንባቢ በእጁ የሚይዘው ግጥም ወይም ተውኔት ብቻ ሳይሆን ወርድና ቁመት፣ ክብደትና ዋጋ ያለው የወረቀት ጥራዝ ጭምር መሆኑ ከሂሳችን ውጭ ሆኖ ቆይቷል። የመጽሐፍን መጠን መወሰን የማተሚያ ቤት ጉዳይ ነው ተብሎ ይተዋል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ የደራሲው ወይም የንድፍ አውጪው ፍላጎት ነው ብሎ ይቀበለዋል። በዚህ መካከል ማንም ሳይጽፍበት፣ ማንም ሳያነበው ከመቁረጫ መኪና ሥር የሚጠረግ ወረቀት አለ። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አንባቢው ነው።

ለመጻሕፍት የምንጠቀምበት ወረቀት በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፣ የዋጋው መናር ስንቱን ረቂቅ በመሳቢያ እንዳስቀረ ደራስያን ሁሉ ያውቁታል። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንፈልገው ግን የወረቀት ልክ የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን፣ የኪነት ፍርድ የሚጠይቅ መሆኑን ነው። ንድፍ የሚጀምረው በገጹ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሲሰመር ሳይሆን ገጹ ከየትኛው ሉህ እንደሚወጣ ሲታወቅ ነው። ወረቀት መቆጠብ ማለት ፊደል ማጨቅና ኅዳግ መሸራረፍ የሚመስላቸው አሉ። ከእነዚህ ጋር አንስማማም፤ ምክንያታችንን በቦታው እንገልጻለን።

ጉዳዩ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የብራና መጻሕፍታችንን ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ሰው እንደሚረዳው፣ የጥንቱ ቁም ጸሐፊ ሥራውን የሚጀምረው ከቆዳው ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆና ለስልሶ የሚገኘው ብራና አራት ማዕዘን ሆኖ አይወለድም፤ የአንገትና የእግር ወገን አለው፤ ጠርዙ ይጎብጣል፤ ሲፋቅ መሐሉ ይበሳል። የመጽሐፉ ቁመትና ወርድ የሚወሰነው ከአንዱ ቆዳ ስንት ቅጠል ሊወጣ እንደሚችል ታይቶ ነው። የተበሳው በክር ይሰፋል፤ ሳይሰፋ የቀረም እንደሆነ ጽሑፉ ቀዳዳውን ዞሮ ያልፋል። በብዙ ብራናዎች ላይ የቅጠሉ አንድ ማዕዘን ጎደል ብሎ የሚታየው፣ የቆዳው ጠርዝ እስከሚደርስበት ድረስ ሳይጣል ስለተወሰደ ነው። ክታብም ቢሆን ጠባብ ጠባብ የብራና ቁራጭ እየተሰፋ የሚረዝም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገጣሚን ሊያስተምር የሚገባው ግን የዳዊት አጻጻፍ ነው። ትላልቆቹ መጻሕፍት በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ሲጻፉ መዝሙረ ዳዊት በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ የመዝሙር ሐረግ የራሱን መስመር ይይዛል። ሐረጉ ከገጹ ወርድ የተረፈ እንደሆነ ጸሐፊው ቀሪዎቹን ፊደላት ከመስመሩ መጨረሻ በላይ ወይም በታች አሳንሶ ይሰካቸዋል እንጂ ለሁለት ፊደል ብሎ ሌላ መስመር አያጠፋም። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ ውዳሴ ማርያም ሲደርስ ደግሞ ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ የብራና ልክ፣ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ፣ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ። ጸሐፊው የቃሉን ርዝመትና የቆዳውን ወርድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ፈርዷል። ዛሬ ንድፍ አውጪ የምንለው ባለሙያ የሚጠየቀውም ይህንኑ ነው።

ወረቀት ከብራና የሚለየው ከፋብሪካ ተስተካክሎ ስለሚመጣ ልኩ ከዓይን የሚሰወር መሆኑ ነው። ማዕዘኑ የተስተካከለ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ እንደ ፈለጉ የሚታዘዝ ይመስላል። ነገር ግን እርሱም የራሱ አንገትና እግር አለው። ይህን ለመረዳት የመጠኖቹን አመጣጥ ባጭሩ መመልከት ይጠቅማል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ክሪስቶፍ ሊሽተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1786 ለዮሐን ቤክማን በጻፈው ደብዳቤ አንድ ቁም ነገር አስታውሶ ነበር፤ ወርዱ 1 ቁመቱ የ2 ካሬ ሥር (1.414 ገደማ) የሆነ ወረቀት ከመሐሉ ቢታጠፍ ግማሹም ያንኑ መልክ ይዞ ይገኛል። ሌላ ምጣኔ ያለው ወረቀት ሲታጠፍ መልኩን ይለውጣል፤ ይህ ግን ቢታጠፍ፣ ቢደገም፣ ቢሠለስ አይለወጥም። ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በቫልተር ፖርስትማን አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1922 የጀርመን የመጠን ደረጃ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ወጣ። ኤ0 የሚባለው ሉህ 841 በ1189 ሚሊሜትር፣ ስፋቱም አንድ ካሬ ሜትር ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የቀዳሚው ግማሽ ነው። በየቢሮው የምናውቀው ኤ4 የዚያ አንድ አሥራ ስድስተኛ፣ አብዛኛው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚታተምበት ኤ5 ደግሞ አንድ ሠላሳ ሁለተኛው ነው።

ማተሚያ ቤት የሚገባው ሉህ ግን ከዚህ ጥቂት ይበልጣል። መኪናው ወረቀቱን የሚይዝበት ጠርዝ፣ ከታጠፈና ከተሰፋ በኋላም በሦስት ወገን የሚከረከመው ትርፍ ስለሚያስፈልግ ነው። ከሚታወቁት ሉሆች ሁለቱን እንውሰድ፤ አንዱ 61 በ86 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 70 በ100 ሳንቲሜትር ነው። በመጀመሪያው ላይ 14.8 በ21 ሳንቲሜትር የሆነው ኤ5 በአንድ ፊት 16 ገጽ፣ በሁለቱም ፊት 32 ገጽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ወረቀት መጽሐፍ ይሆናል። ያንኑ ኤ5 በ70 በ100 ሉህ ላይ ብናትመው፣ ለስፌት በሚመች አስተጣጠፍ የሚወጣው አሁንም 16 ገጽ ብቻ ስለሆነ ከመቶ 29 እጅ ያህሉ ይጣላል። 17 በ24 ሳንቲሜትር የሆነ መጽሐፍ ግን በዚህ ሁለተኛ ሉህ ላይ በሚገባ ይደላደላል፤ ብክነቱ ከመቶ 7 እጅ ያህል ነው። እንግዲህ ቆጣቢ መጠን ወይም አባካኝ መጠን የሚባል በራሱ የለም። የሚቆጥበው ወይም የሚያባክነው የገጹና የሉሁ ጋብቻ ነው።

አሁን ወደ ሂሳችን ዋና ነጥብ እንለፍ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየመጻሕፍት መደብሩ አራት ጎኑ እኩል የሆነ፣ 21 በ21 ሳንቲሜትር ያህል የሚለካ የሥዕል ኤግዚቢሽን መግለጫ ወይም የግጥም መድበል መታየቱ ተለምዷል። መልኩ ዓይን ይስባል፤ ዘመናዊ መስሎ ለመታየትም ያገለግላል። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ በ61 በ86 ሉህ ላይ በአንድ ፊት ሊወጣለት የሚችለው 8 ገጽ ነው። ኤ4 መጽሐፍም በዚያው ሉህ ላይ 8 ገጽ ይወጣዋል! ንድፍ አውጪው ቁመቱን ከ29.7 ወደ 21 ሲያሳጥር ወረቀት የቆጠበ ይመስለው ይሆናል፤ የሆነው ግን ሙሉ የኤ4 ዋጋ ተከፍሎ የሉሁ አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ቁርጥራጭ መሄዱ ነው። ሥዕሎቹ በእርግጥ አራት ማዕዘን እኩል ቢሆኑና ገጹ በእነሱ ልክ ቢሰፋ ኖሮ ክርክራችን በላላ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ግን በውስጡ የምናገኘው ቁመታም ሥዕል ከላይና ከታች ተጨንቆ፣ በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ታቅፎ ነው። ቅርጹ ከይዘቱም ከሉሁም አልተወለደም።

አንድ ሳንቲሜትር ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 192 ገጽ ያለው ኤ5 መጽሐፍ በ61 በ86 ሉህ ሲታተም ለአንድ ቅጂ 6 ሉህ ይበቃዋል። ደራሲው «ጥቂት ሰፋ ይበልልኝ» ብሎ ወርዱን ከ14.8 ወደ 15.8 ሳንቲሜትር ቢያሳድገው በሉሁ ወርድ 4 ገጽ መደርደር አይቻልም፤ 3 ብቻ ይሆናል፤ በአንድ ፊት 16 የነበረው ወደ 12 ይወርዳል፤ ለአንድ ቅጂም 8 ሉህ ያስፈልጋል። 3000 ቅጂ ቢታተም ልዩነቱ 6000 ሉህ፣ 500 ሉህ በሚይዝ እሽግ ሲቆጠር 12 እሽግ ነው። ወደ 70 በ100 ሉህ ቢዞርም ማምለጫ የለውም፤ ሉሁ 6 ይሆናል፣ የወረቀቱ ስፋት ግን ያው አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። አንድ ሦስተኛ መጨመር ካልቀረ ደግሞ ሙሉውን 17 በ24 መውሰድ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አንባቢው የከፈለበትን ወረቀት በእጁ ያገኘዋል። በአንጻሩ ወርዱን በአንድ ሳንቲሜትር ማጥበብ ምንም አያተርፍም፤ የገጹ ቁጥር በሉሁ ላይ 16 እንደሆነ ይቀራልና።

ሥዕል ወይም ቀለም እስከ ገጹ ጫፍ ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሲከረከም ነጭ ክር እንዳይታይ ሥዕሉ ከጠርዙ በ3 ሚሊሜትር ያህል አልፎ መታተም አለበት። 61 በ86 ሉህ ለዚህ ትርፍ ስለሚጠብብ 64 በ90 የተባለውን መጠቀም ግድ ይሆናል፤ ይህም የወረቀቱን ስፋት ከመቶ 10 እጅ ያህል ያሳድገዋል። ለሽፋን ተገቢ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ጫፍ ለጫፍ የምትዘረጋ አንዲት ቀጭን የጌጥ መስመር ለማስገባት ሲባል ግን መላውን መጽሐፍ ወደ ትልቅ ሉህ ማዛወር የሚያሳፍር ነው። የገጽ ቁጥርም እንደዚሁ ነው። 192 ገጽ ስድስት ሙሉ ሉህ ነው፤ 196 ገጽ ግን አራት ገጽ ብቻ የያዘ፣ የራሱ ፕሌት፣ የራሱ እጥፋትና የራሱ ስፌት የሚያስፈልገው ቅጥያ ይወልዳል። መቅድሙን በአንድ ገጽ ማሳጠር፣ የምስጋናውን ዝርዝር መሰብሰብ ምን ይከብዳል? በሐቅ ለመናገር ብዙዎቹ መቅድሞቻችን ቢያጥሩ የሚጎዱት ነገር የለም።

እዚህ ላይ የግጥም ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ባዶ የወረቀት ቦታ ሁሉ ብክነት ነውን? አይደለም። በመቁረጫ ሥር የሚወድቀውና በገጹ ላይ የሚቀረው ነጭ አንድ አይደሉም። የኋለኛው ወደ አንባቢው እጅ ይደርሳል፤ ዓይን ያርፍበታል፤ ገጣሚው በሁለት አንጓዎች መካከል የተወው ባዶ መስመር ለአፍ ትንፋሽ እንደሚሆን ሁሉ ለዓይንም ትንፋሽ ነው። ይህን ነጭ በቁጠባ ስም የሚቀማ አሳታሚ ከግጥሙ አንድ ክፍል ቀምቷል። እስከዚህ ድረስ ከገጣምያን ወገን ነን።

ነገር ግን ነጩ ሁሉ በግጥሙ የተጠራ ነውን ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሌላ ይሆናል። አብዛኛው የአማርኛ ግጥም የሚጻፍበትን ወል ቤትን እንውሰድ። ስንኙ 6፣ 6 ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች ይቆማል። በ12 ነጥብ ፊደል ሲለቀም ከ6 እስከ 7 ሳንቲሜትር ይይዛል። 5፣ 5 ቀለም ያለው ሰንጎ መገን ከዚያም ያጥራል። ኤ5 ገጽ በግራና በቀኝ 2፣ 2 ሳንቲሜትር ኅዳግ ቢተውለት እንኳ ለጽሑፍ 10.8 ሳንቲሜትር ይቀረዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በስተቀኝ የሚወርደው 4 ሳንቲሜትር ያህል ነጭ ሰቅ የግጥሙ ዝምታ አይደለም፤ መጠኑ ለልብ ወለድ ተሰፍቶ ለግጥም የተሰጠ ልብስ በመሆኑ ነው። ትንፋሽ ተብሎ የሚወደሰው ነጭ አንዳንዴ ይህ ብቻ ነው። አንዳንድ ንድፍ አውጪዎች ይህንኑ ሰቅ ለመሸፈን አበባ፣ ጀበና ወይም በገና ይሥሉበታል።

መፍትሔው በእጃችን ነው። 70 በ100 ሉህ 12 በ16.5 ሳንቲሜትር ለሆነ መጽሐፍ በአንድ ፊት 32 ገጽ ይሰጣል። በዚህ ገጽ ላይ 1.7 ሳንቲሜትር ኅዳግ በየወገኑ ቢተው 8.6 ሳንቲሜትር ይቀራል፤ ወል ቤት በምቾት ይገባበታል፤ ከስንኙ በኋላ የሚቀረውም ነጭ ለግጥም የሚያንስ አይደለም። 96 ገጽ ያለው መድበል በኤ5 ሲታተም 3 ሉህ ባለ 61 በ86 ይፈልጋል፤ በዚህ መጠን ግን አንድ ሉህ ተኩል ባለ 70 በ100 ይበቃዋል። በስፋት ሲሰላ አንድ ሦስተኛ ያህል ወረቀት ይቀንሳል። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ በአውቶቡስ ላይ በአንድ እጅ የሚያዝ መድበል ይሆናል። ስንኙ የሚረዝምበት ገጣሚ በዚህ አይገደድም፤ የእርሱ መጽሐፍ ሌላ ልክ ይጠይቃል። የምንለው መጠኑ ከስንኙ ይለካ ነው።

ወደ ተቃራኒው ስሕተት እንምጣ። ወረቀት ሲወደድ መጀመሪያ የሚጠቃው ፊደሉና ኅዳጉ ነው። ከ12 ነጥብ ወደ 9፣ ከዚያም መስመር በመስመር ላይ መደራረብ ይከተላል። ይህ በማንኛውም ቋንቋ መጥፎ ነው፤ በእኛ ፊደል ግን ይብሳል። የላቲን ፊደል ከመስመር በላይ የሚወጣና ከመስመር በታች የሚወርድ እጅና እግር ስላለው በመስመሮቹ መካከል ብርሃን ያስገባል። የግእዝ ፊደል ቁመቱ በአብዛኛው እኩል፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል የሌለው፣ ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ነው። የመስመር ርቀቱ ሲጠብብ ገጹ እንደ ድንጋይ ካብ ይሆናል፤ «ሀ»ና «ሃ»፣ «ሰ»ና «ስ» ለመለየት ዓይን ይደክማል። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች ይህን ከማንም በላይ ሊያስቡበት ይገባል። ሕፃን ያላነበበው ገጽ ምን ያህል ቢያንስ ብክነት ነው።

በዚህ ረገድ የሌሎች አገሮች ልምድ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወረቀት በራሽን ሲከፋፈል የብሪታንያ አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ1942 የፊደልን መጠንና የኅዳግን ስፋት የሚገድብ ስምምነት ተግባራዊ አደረጉ። ከችግር የመነጨ ነበርና አንወቅሳቸውም፤ የዚያ ዘመን መጻሕፍት ግን ጭንቀታቸው በገጻቸው ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመሩት የፔንግዊን ርካሽ መጻሕፍት 11.1 በ18.1 ሳንቲሜትር የሆነ አንድ ልክ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1947 ያን ቺኾልድ የተባለው የፊደል ንድፍ ሊቅ ወደዚያ ድርጅት ሲሄድ ያሻሻለው የፊደላቱን አቀማመጥ፣ የቃላትን ርቀት፣ የኅዳጉንና የርእሱን ምጣኔ ነበር። ለውበት ሲል ወረቀቱን አላሰፋም። ርካሽ መጽሐፍ የግድ አስቀያሚ መሆን አለበት ለሚሉት ከዚህ የበለጠ መልስ አናውቅም።

ስለ ቴአትር ማስታወቂያ ጥቂት ቃላት እንጨምር፤ በሙያችን ከምናየው ነውና። 70 በ100 ሉህ ከመሐሉ ሲቆረጥ ሁለት 50 በ70 ማስታወቂያ ይወጣዋል፤ የሚጣል የለም ማለት ይቻላል። ንድፍ አውጪው በኮምፒዩተሩ ላይ በዘፈቀደ 45 በ65 ብሎ ከጀመረ ግን ከሉሁ 16 እጅ ያህል በመቶ ይቀራል። የቀረውም 10 ሳንቲሜትር ወርድ ያለው ረጅም ሰቅ ስለሆነ አስቀድሞ የታሰበበት እንደሆነ በዚያው ኅትመት 5 በ10 የሆኑ 12 ያህል የመግቢያ ትኬቶች ሊታተሙበት ይችላሉ። አንድ ጊዜ ይህን ያነሣንለት አዘጋጅ ትኬቱ ሌላ ማተሚያ ቤት ታዟል ሲል መለሰልን። በአንድ ትርዒት ሁለት ትእዛዝ፣ ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ክፍያ መሆኑ ነው።

አንድ ነገር አይዘነጋ፤ ሉሁን አዙሮ በማስቀመጥ አንድ ሁለት ገጽ ማትረፍ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ወረቀት ቃጫው በአንድ አቅጣጫ ይተኛል። የቃጫው አቅጣጫ ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ትይዩ ሲሆን ገጹ ተገልጦ ይተኛል፤ ሲጋደም ግን ይወጠራል፣ ርጥበት ሲነካው ይሞገጋል፣ መጽሐፉም በእጅ ካልተያዘ ራሱን ይዘጋል። በሙጫ ብቻ የተጠረዙ መጻሕፍት ገጻቸውን የሚበትኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሁለተኛው ንባብ የሚበተን መጽሐፍ በሒሳብ መዝገብ ላይ ምንም ቢቆጥብ ያባከነው መላውን ሉህ ነው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለአሳታሚዎች እናቀርባለን። በሶቪየት ኅብረት ዘመን የታተሙ መጻሕፍት የመጨረሻ ገጻቸው ላይ የሉሁ መጠንና የገጹ ክፋይ፣ ለምሳሌ 84 በ108 ሳንቲሜትር፣ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ፣ ከቅጂው ብዛትና ከዋጋው ጋር ይጻፍ ነበር። ከዚህ ሉህ የሚወጣው መጽሐፍ 13 በ20 ሳንቲሜትር ነው፤ ፕሮግሬስ አሳታሚ በአማርኛ ያወጣቸውን መጻሕፍት በየቤቱ ያስቀመጠ አንባቢ ቢያገላብጥ ልማዱን ሊያስታውስ ይችላል። በእኛ መጻሕፍት የመብት ማስታወቂያና የአሳታሚው አድራሻ በሚሰፍርበት ገጽ ላይ «ሉህ 70 በ100፣ ገጽ 12 በ16.5፣ በሉህ 64 ገጽ» የሚል አንድ መስመር ቢታከል ቦታ አይፈጅም። ንድፍ አውጪው ያን መስመር ለመሙላት ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄዶ በመጋዘኑ ያለውን ወረቀት መጠየቅ ይኖርበታል። ሃያሲውም መጽሐፉን ሲመዝን ከርእሱና ከደራሲው ስም ቀጥሎ የሚያነበው ሌላ ነገር ያገኛል።